የመከታ አንገት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ አንድ ጎረምሳ ውሻ ይዞ መጣ። አንገቱ ላይ፣ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ የዞሩ የብረት ማነቂያ አስሮለታል። «እንዳይጎትተኝ ነው፣ እማማ። ማሠልጠኛ ነው» አለኝ እየሳቀ። ምን ብዬ እንደ መለስኩለት አላስታውስም። ጎረቤት ሮጦ እስኪመጣ ድረስ ጮኸሽ ነበር ብለውኛል።

እንዲህ ያለውን ብረት መጀመሪያ ያየሁት በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። እርሻችን ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ፣ ጣሊያን በሚያሠራው አዲስ መንገድ ዳር ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከርከሮና ዝንጀሮ እንቅልፍ አይሰጡም። እኔ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዤ፣ ውሻችን መከታ ከታች ሆኖ እንጠብቃለን። እኛ እስላሞች ውሻ ቤት አናስገባም። «አዝመራ የሚጠብቅ ግን ይፈቀዳል» ይል ነበር አባቴ፣ ከትኩሱ የማሽላ ቂጣ እየቆረሰ እየወረወረለት።

የመንገድ ሥራው አለቃ የነበረ ጣሊያን መከታ ከርከሮ ሲያባርር አየና ወደደው። ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ አንድ አስካሪ፣ ልኮ በገመድ አስጎትቶ ወሰደው። አባቴ ትንፍሽ አላለም፤ ወንድሜ ከአርበኞች ጋር ዱር መግባቱ ከተሰማ ቤታችን እንደሚቃጠል ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ጣሊያኑ በየጠዋቱ መከታን በጠፍር ይዞ በእርሻችን አጠገብ ያልፋል። መከታ ሽታችን ሲደርሰው ወደኛ ይጎትታል። አንድ ቀን ጎትቶ ጭቃ ላይ ደፋው፤ ድንጋይ የሚፈልጡት ሠራተኞች ሳቁ። በማግስቱ ያ ባለ ጥርስ ብረት መጣ። መከታ እንደ ልማዱ ጎተተ፤ ብረቱ ጠበበና ጥርሶቹ ገቡበት። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከውሻ ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው ሲጋራውን እያጨሰ፣ ዝም እስኪል ቆሞ ጠበቀው።

ማሽላው ሳይታጨድ መከታ ሌላ ሆነ። ራሱን ከሰውዬው ጉልበት ጋር አስተካክሎ፣ ወደኛ ሳይዞር ያልፍ ጀመር። ያን ጊዜ ጣሊያኑ አባቴ ፊት ቆመና አስተርጓሚውን ጠራ።

«ጌታው እንዲህ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «ውሻ ይማራል። እናንተም ትማራላችሁ።»

አባቴ ቀና አለ። «ንገርልኝ። ውሻው አልተማረም፤ አንገቱ ነው የቆሰለው።»

አስተርጓሚው ተራ በተራ አያቸውና አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ጣሊያኑ ፈገግ ብሎ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ምን ብሎ እንደ ተረጎመ ኋላ ጠየቅነው።

«‹ገበሬው ያመሰግንዎታል› አልኩት» አለ አባቴን። «እንዳያስገርፍዎት ብዬ ነው።»

ምናልባት ልክ ነበር። እኔን ግን ከብረቱ ይልቅ ያ ምስጋና አንገበገበኝ።

በነጋታው ውሃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ አስካሪው ልብሱን ያጥባል፤ መከታን ድንጋይ ላይ አስሮታል። እንስራዬን አስቀምጬ ማነቂያውን ፈታሁ። ከሥሩ ያለው ቁስል ትል ይዟል።

«ተዪው አንቺ! እኔን ነው የሚገርፈኝ» አለ አስካሪው።

«ይግረፍህ!» ብዬ ብረቱን ወደ ጥልቁ ወረወርኩት። ከዚያ «መከታ፣ ና!» አልኩ። አልመጣም። ጎተትኩት፤ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተንቀጠቀጠ። ንዴቴ በሱም ላይ መጣ። ድንጋይ አንስቼ «ሂድ! ሩጥ!» አልኩት፤ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አልተነሣም።

አስካሪው የሚያጥበውን ልብስ ትቶ ቀረብ አለና «አይሄድም፣ እኅቴ» አለ፤ ድምፁ ተለውጦ።

ምን ብሎ እንደ ሸፈነልን አላውቅም፤ ሊጠይቀን የመጣ ሰው የለም። በማግስቱ ጣሊያኑ መከታን በተራ ገመድ ይዞት አለፈ። ገመዱ ላልቶ መሬት ይነካል። መከታ አንገቱ ላይ የሌለውን ብረት እየፈራ ይራመዳል። ሰውዬው የላላውን ገመድ ከፍ አድርጎ ለሠራተኞቹ አሳያቸው። በዚያ ዓመት ማሽላችንን ከርከሮ ጨረሰው። ሰውዬውም ወደ ደሴ ሲዛወር መከታን ይዞት ሄደ፤ ዳግመኛ አላየነውም።

ዛሬ ልጆቹ ሲጨዋወቱ «ጣሊያን ክፉ ቢሆንም መንገድ ሠርቶልናል» ይላሉ። በዚያ መንገድ አውቶቡስ በተሳፈርኩ ቁጥር፣ እርሻችን የነበረበት ጋ ስንደርስ ጥርሴን እነክሳለሁ። አርጅቻለሁ፤ ብዙ የበደለኝን ሰው ይቅር ብያለሁ። ልጄ «አላህ እኮ ይቅር ባይን ይወዳል፣ ተዪው በቃ» ትለኛለች። አውቃለሁ። እንግዲያው አላህ ይማረው፤ እኔ አልምረውም።