ሶሪ ያላለችኝ ሴት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ጆሃንስበርግ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ወር ነው። ያን ቀን ደጋግሜ የሰማሁትን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እስካሁን ስሰማ ያ ቀን ይመጣብኛል። ቃሉ "ሶሪ" ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ሶሪ ማለት "ይቅርታ" ነው ብለው አስተምረውኛል። ሰው ሲያጠፋ ብቻ የሚለው ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ግን ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ይለዋል። ታክሲ ውስጥ ሳስል አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት "ሶሪ ማማ" አለችኝ። ቲማቲም ከፌስታሌ ሲበተን መንገደኛው ሁሉ "ሶሪ! ሶሪ!" አለ። ማንም አልገፋኝም። በኋላ ገባኝ፤ እኛ "እኔን" እንደምንለው ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰውም ሶሪ ይላል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ቃሉን ወደድኩት። ልጄ ሀያት አፏን ስትፈታ ከያዘቻቸው ቃላት አንዱ እሱ ነበር። ስትወድቅ ራሷ ለራሷ "ሶሪ" ትልና ትነሳለች።

የመጣነው ከስልጤ ነው። ባለቤቴ ቶኮዛ በሚባል የጆሃንስበርግ ዳርቻ ሰፈር ስፓዛ ሱቅ አለው። ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ በኩል የሚሸጥበት የሰፈር ሱቅ ነው። እኛም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እንኖራለን። ሀያት ያኔ ሁለት ዓመቷን አልፋ ነበር። አስም አለባት።

ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ መኪናዋን ይዞ ከተማ ሄዷል። ሀያት ማሳል ጀመረች። ቆይቶ ሳሉ ቆመና ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። የምትስበውን መድኃኒት ባነሳው ባዶ ነው። አዘልኳትና ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ሰዎች ቆመዋል። የውጭ አገር ሰው እዚህ አይታከምም የሚሉት ናቸው። ወሬያቸውን ሰምቼ ነበር፤ ወደ እኛ ክሊኒክ መምጣታቸውን ግን አላወቅኩም። የሚገባውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። እኔን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ሂጃቤን አይተው ሳቁ።

"የማይ ፍሬንድ ሚስት መጣች!" አለ አንዱ። ባለሱቅ ሐበሻን ሁሉ የሚጠሩት "ማይ ፍሬንድ" ብለው ነው። "ማማ፣ ዛሬ ሱቁ ዝግ ነው! ሱቅ ዝግ መሆኑን ቅመሺው!"

ከፊት የቆመችው ታንዲ ናት። ታንዲን አውቃታለሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ዳቦ የምትገዛው ከእኛ ነው። በፍርግርጉ በኩል እጇን አስገብታ የሀያትን ጉንጭ ሳትነካ አትሄድም።

"ታንዲ፣ እያት እስቲ፤ መተንፈስ አልቻለችም" አልኳት።

አየቻት። እጇን ዘርግታ የሀያትን እግር ዳበሰች።

"ሶሪ ቤቢ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ሶሪ ማማ ሀያት። ክሊኒኩ የእኛ ነው። ወደ አገርሽ ወስደሽ አሳክሚያት" አለችኝ።

ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የክሊኒኩን ዘበኛ ለመንኩት። ጫማውን እያየ "ሶሪ ማማ፣ ሥራዬን አጣለሁ" አለኝ። ለባለቤቴ ደወልኩ። መንገድ ላይ ነው፤ ሩቅ ነው። ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ታክሲ አስቆምኩ። ሹፌሩ ሕዝቡን አየ፣ እኔን አየ። "ሶሪ እህቴ፣ መስታወቴን ይሰብሩብኛል" ብሎ ሄደ።

የሀያት ከንፈር ሰማያዊ እየሆነ ነበር። መንገዱን ተሻግሬ ግንብ ሥር ተቀመጥኩ። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እዚያው ግንብ ሥር አንዲት አሮጊት ማግዊኛ ይጠብሳሉ። ማግዊኛ እኛ አገር ካለው ቦንቦሊኖ ጋር ይመሳሰላል። አሮጊት ሴትን እዚህ ሁሉም "ጎጎ" ይላል፤ አያት ማለት ነው። በዚያ ሳልፍ ሰላምታ ስሰጣቸው መልሰውልኝ አያውቁም።

"አምጪ" አሉኝ።

አልገባኝም።

"ልጅቷን ነው! ጆሮ የለሽም? አምጪያት!"

እዚህ ከተማ ልጅ ስለሚሰረቅ ብዙ እንሰማለን። ግን ሰጠኋቸው። ሌላ ምን ነበረኝ?

የራሳቸውን የሱፍ ኮፍያ አውልቀው ለሀያት እስከ ዓይኗ ድረስ አጠለቁላት። ጎንበስ ብለው ጀርባቸው ላይ አስተኟት። እኔ የማዝላት ከፍ አድርጌ ነው። የዚህ አገር ሴቶች ዝቅ አድርገው ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ጎጎም እንደዚያ አሰሯትና በትልቅ ብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ሲነሱ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ የሰፈሩ አሮጊት መሰሉ። ልጄ የት እንዳለች እኔ ራሴ ባላውቅ አላገኛትም ነበር።

ሲጠቀልሏት ሀያት ወደ እኔ እጇን ዘርግታ ነበር። መጮህ ፈለገች፣ ግን ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። ብታለቅስ ኖሮ "እማ" ትል ነበር፤ ያኔ ያውቁብን ነበር። እናት በዚህ ታመሰግናለች? እኔ አመሰገንኩ።

"ዘይቱን ጠብቂ" አሉኝ ጎጎ። "እንዳይቃጠል።"

በሩ ላይ ሲደርሱ ታንዲ "ሳውቦና ጎጎ" አለቻቸው። ጎጎ ሰላምታዋን እንኳ አልመለሱም።

"ልጅ አዝዬ ታቆሚኛለሽ? ዞር በይ!"

ዞር አለች። ጎጎ ገቡ። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ሰው ጭንቀት ሲበዛበት እጁ ሥራ ይፈልጋል። ሊጡን እየቆረስኩ ዘይቱ ውስጥ ጣልኩ። ትንሽ ቆይቶ በር ላይ የቆሙት ራባቸው መሰለኝ፣ እየሳቁ መጡ።

"አይ እናንተ ሰዎች!" አለ ያ ቅድም በር ላይ የሳቀብኝ ሰውዬ። "ሱቁን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ የጎጎን መጥበሻ ወሰዳችሁ?"

"ጎጎ ጉዳይ አላቸው። እስኪመለሱ ነው" አልኩ።

"እዩዋት፣ እንዳትመርዘን!" አለ። ሁሉም ሳቁ። ትኩስ ትኩሱን እያወጣሁ በወረቀት ጠቀለልኩላቸው።

ታንዲ ጣቷን እየላሰች "ቤቢስ?" አለችኝ።

"አባቷ ወሰዳት።"

"ኦ፣ ጥሩ ነው" አለች። "ሶሪ፣ ማማ ሀያት።"

ከእጄ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ወደ በሩ ተመለሱ።

ጎጎ ሲወጡ መጀመሪያ ያየሁት ብርድ ልብሱን ነው። አይንቀሳቀስም። መንገዱን ተሻግረው መጡና ጀርባቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ፍቺያት፤ ከበደችኝ" አሉ።

ብርድ ልብሱን ስገልጥ ሀያት ተኝታለች። ከንፈሯ ቀይ ነው። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አልሐምዱሊላህ። ውስጥ ያሉት ነርሶች በጭምብል አስተንፍሰዋታል። የምትስበውንም መድኃኒት ሰጥተዋቸዋል፤ ጎጎ ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ ጣሉት።

እጃቸውን ልስም ያዝኩ። ነጠቁኝ።

"ተይ" አሉ። "ልጄ እዚያ ጥግ ላይ ሱቅ ነበረው። እናንተ ስትመጡ ከሰረና ዘጋው። አሁን ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። እኔ አልወዳችሁም። ገባሽ?"

"ገባኝ ጎጎ።"

"ያንን ከደረቷ የሚወጣ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ግን ቁጭ ብዬ መስማት አልቻልኩም። በቃ።" መጥበሻውን ጎንበስ ብለው አዩ። "አቃጠልሽው። ሂጂ። ሁለተኛ እንደዚህ አላደርግልሽም።"

ሄድኩ። ባለቤቴ ሲደርስ ሀያት ሻይ ስጡኝ እያለች ነበር። እሱ አለቀሰ። እኔ ያለቀስኩት ዕቃ እያጠብኩ ነው።

አሁንም እዚያው ሱቅ ነን። ታንዲ አሁንም ጠዋት ዳቦ ትገዛለች። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ዳቦውን አቀብላታለሁ። ጉንጯን እንዳትነካ ግን ሀያትን ወደ ኋላ ክፍል አስገባታለሁ። ሀያት ስትወድቅ አሁንም "ሶሪ" ትላለች። ልከልክላት ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ቀድሜ አነሳታለሁና "እኔን" እላታለሁ።

በጎጎ በኩል ሳልፍ ሰላምታ እሰጣለሁ። አይመልሱም። ማግዊኛ እገዛለሁ፤ ይሸጡልኛል። ያን ቀን ካዘኑልኝ ሰዎች ሁሉ ሶሪ ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እስካሁንም አላሉኝም።

ከሶላት በኋላ ዱዓ ሳደርግላቸው እቸገራለሁ። ስማቸውን አልነገሩኝም፤ ሌላ ሰው መጠየቅም ፈራሁ፣ በእኔ የተነሳ ነገር እንዳይመጣባቸው። ስለዚህ "ያ ረቢ፣ ያቺን ብርድ ልብስ የለበሱትን" እላለሁ። እሱ ያውቃቸዋል።