ያልተፈረመበት የጊዮርጊስ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አንድ ገበሬ የከብት መድኃኒት ወደምሸጥበት ሱቅ ለፍየሉ ቁስል የሚቀባ ሊገዛ መጣና ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መድኃኒት ስከፍትለት ጣቶቼ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ አልለቀቀም። ሰውዬው ከሄደ በኋላም ባንኮኒው ላይ ጣቶቼን ዘርግቼ ሳያቸው ቆየሁ። ደብረ ኤልያስ በነበርኩባቸው ወራት እንዲህ ሆነው ነው የከረሙት። እንዲያውም ያኔ ሆን ብዬ በደንብ አላጥባቸውም ነበር፤ ሥራ ላይ መዋሌን ሰው እንዲያይልኝ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ውጭ አገር ያለ አንድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ በስልኬ አየሁ። ከውጤት ሌላ፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ሦስት መቶ ሰዓት የሠራ፣ እያንዳንዱም ቀን ተጽፎ ሐኪሙ የፈረመበት ይላል። ሦስት መቶ ሰዓት ስንት ቀን እንደሚሆን እንኳ አላውቅም ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለውን የወላጆቼን ቤት ትቼ ደብረ ኤልያስ አክስቴ ዘንድ ገባሁና የከብት ክሊኒኩን ደጅ ጠናሁ።

ሐኪሙ ሸበት ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ጉዳዬን ሰምተው፣ "ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ሰዓቱን ነው ወይስ ሥራውን?" አሉኝ።

"ሁለቱንም መሰለኝ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ቦርሳውን ያዢ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እንደተጋባሁ ከረምኩ። ምኑ ነው የሚቆጠረው? ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘን ላም አይተን ስንመለስ መንገዱ ይገባል? ላሟ እስክትወልድ ቁጭ ብሎ መጠበቁስ? ስጠይቃቸው፣ "ቦርሳውን የተሸከምሽበት መንገድ ይቆጠራል" አሉኝ። የምራቸውን ይሁን እየቀለዱብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ግን ጻፍኩት፤ ቦርሳውንም ለማንም አላስነካ አልኩ።

ክሊኒኩ የሚጨናነቀው በበዓል ቀን ነበር። ገበሬው በበዓል በሬ አይጠምድማ፤ ሚካኤልን ወይም ማርያምን ጠብቆ የታመመ ከብቱን እየነዳ ይመጣል። ግቢው በእበትና በረጠበ የከብት ጠጉር ሽታ ይሞላል፤ ከወዲያ ደወል፣ ከወዲህ የጥጃ እምቧታ ይሰማል። እኔም እንደ አገሩ ሰው ለመድኩና ደብተሬ ላይ ቀኑን በታቦቱ ስም እጽፍ ጀመር። "ሚካኤል፣ ስድስት ሰዓት። ማርያም፣ አምስት ሰዓት።" ሚካኤል በየወሩ እንደሚመለስ ጠፍቶኝ አይደለም። የቱ የትኛው እንደሆነ የማስታውስ መስሎኝ ነው።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ቅጹን ልሞላ ተቀመጥኩ። ቅጹ ቀንና ወር ይላል፤ እኔ ዘንድ ያለው አምስት ሚካኤል ነው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ደብተሬን ታቅፌ እየሮጥኩ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

"ይኸኛው ሚካኤል ምን ያየንበት ነው?"

"ቀንዷ የተሰበረ ላም።"

"ኅዳር ነው። ጤፍ እየታጨደ ነበር። ጻፊ።"

አንዱንም አልሳቱ። እኔ ከብቷን ስናገር እሳቸው ወሩን ይነግሩኛል፣ ይፈርማሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መጨረሻ ላይ "ጊዮርጊስ፣ ዘጠኝ ሰዓት" የሚለው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"ይኸን አልፈርምም።"

ያን ዕለት አንዲት ባልቴት በሬ ታመመብኝ ብለው ልከውብን ነበር። ስንደርስ በሬው ሆዱ ተነፍቶ ሞቷል። ባልቴቷ አንገቱ ላይ እጃቸውን አድርገው መሬት ተቀምጠዋል። በቀረው አንድ በሬ ማረስ አይቻልም። ሐኪሙ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። እንደ ባልቴቷ አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎረቤት ተፈልጎ መቀናጆ እንዲሆናቸው፣ በሬዎቹን አጣምረው በየተራ እንዲያርሱ እስኪስማሙ ድረስ ከዚያ አልተነሳንም።

"ቦርሳውን እኮ ተሸክሜያለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ቦርሳው አልተከፈተም፣ ልጄ። ያን ቀን ሐኪም አልነበርንም፤ ጎረቤት ነበርን።"

ሌላ ቀን ሁሉ ከተማርኩት ይልቅ የዚያን ዕለቱ ይበልጥብኝ ነበር። እሱ ካልተቆጠረ የቱ ሊቆጠር ነው? ከሦስት መቶው ዘጠኝ ሰዓት ሲጎድል ደግሞ ቅጹ አያሳልፍም። ይኸን ብነግራቸው፣ "ነገ በዓለ ወልድ ነው፤ በጠዋት ነይ" ብቻ አሉ። ከዚያ ጊዮርጊስ በቀር በአንድ በዓል ከአምስትና ስድስት ሰዓት በላይ ሠርቼ አላውቅም፤ ስለዚህ በዘዴ ሊሸኙኝ ያሉት መሰለኝ። ደብተሬን ነጥቄ ወጣሁና ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ስልኬን አጥፍቼ እናቴ ቤት ተኝቼ ዋልኩ። ፊርማቸውን አስመስዬ ልፈርም አስቤም ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ማመልከቻው ተዘጋ።

ከወራት በኋላ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ በሬ የሞተባቸው ባልቴት ክንዴን ያዙኝ።

"አንች ልጅ፣ የበዓለ ወልድ ዕለት የት ጠፍተሽ ነው?"

የሚሉት አልገባኝም። እሳቸው ግን እንደማውቅ አድርገው ቀጠሉ። ለካ በዋዜማው ሐኪሙ ቤት ለቤት ዞረው፣ የታመመም ያልታመመም ከብት ይዛችሁ ኑ፣ ልጅቷ ሰዓት ጎድሏታል፣ ቀኑን ሙሉ ታያለች ብለው ለምነዋል። ከብቱ ከግቢው አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር አሉ።

"እኔም ደኅናውን በሬዬን ነድቼ መጣሁ፣ አንች እንድታይው ብዬ። ዶክተሩ ትመጣለች፣ ትመጣለች እያሉ ፀሐይ ጠለቀች።"

"አሁን የት ናቸው?" አልኩ።

"ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ፤ አገሩን እንጃ። አንችስ ምን ሆነሽ ቀረሽ?"

አኩርፌ ነው ማለት አቃተኝ። "አሞኝ ነበር" አልኳቸው።

አመኑኝ። ክንዴን ሳይለቁ ፊቴን አየት አደረጉና፣ "አሁንስ ተሻለሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።