ቅቤ ያጠጣኋት የስፌት መኪና

በ1989 ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የባለቤቴ አባት አረፉና የስፌት መኪናቸው ሶዶ እኛ ቤት መጣች። ቦዲቲ ገበያ ዳር ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፍተውባታል። ሲታመሙ ያስታመምኳቸው እኔ ስለነበርኩ «መኪናዋ ለእሷ ትሁን» ብለው ተናዘዙ። ባለፉት ዓመታት ያጠራቀሙት አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅም አብሮ መጣ። ጌታ ይመስገን፤ ትልቅ ስጦታ ነበር። እኔ ግን መስፋት አልችልም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይህን ያውቃሉ።

«ሙሽሪት፣ ብረት ቤት ውስጥ ቆሞ ምን ይሠራል?» አሉኝ። «እስከ ጊፋታ ካልሰፋሽባት ትሸጥና ለበሬው መግዣ ትሁን።»

ጊፋታ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ ነው። ለእሱ ወንዶች የሚታረድ በሬ መግዣ፣ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ። ልጆቼ ሦስት ሆነው አንድ ብርድ ልብስ ይጓተቱ ነበር። ቁርጥራጩን ቀጣጥዬ ሌላ ብርድ ልብስ ልሰፋላቸው ወሰንኩ።

መኪናዋ ቆማ ስለከረመች ትንቋቋ ነበር። ዘይት እንደሚያስፈልጋት ሰምቼ ነበር፤ ከየት ላምጣ? ለጊፋታ ካስቀመጥኩት ቅቤ አቅልጬ በየቀዳዳዋ አፈሰስኩላት። የዚያን ዕለት እንደ ውሃ ፈሰሰችልኝ። እኔም እየዘመርኩ ረገጥኩ። ሌሊት ብርዱ ቅቤውን አረጋው፤ ጠዋት መርገጫው ንቅንቅ አልል አለ። አበላሸኋት ብዬ አለቀስኩ።

ከሐዘኑ ወዲህ እኛ ጋ የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ጠጋ ብለው አሸተቱና ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ አራስ ናት እንዴ ቅቤ የምታጠጫት?»

«ያው ዘይት ነው ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ሟቹ ባዩሽ! በላምባ ነበር የሚያጥቧት።»

ከኩራዙ ላምባ ቀነሱ። የዶሮ ላባ እየነከርን አንድ በአንድ አጠብናት። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ትንሽ የመኪና ዘይት ለመንን። ረገጥኳት፤ ዞረች። እማዬ ሟቹ ሲሰፉ እንዳዩት እየመሩኝ፣ ከላይ ከቁርጥራጩ ካኪውን፣ የዩኒፎርሙን ሰማያዊና አበባ ያለውን የቀሚስ ጨርቅ ቀጣጠልኩ፤ መሐሉ ያረጀ ጋቢ፣ ከሥር አቡጀዴ አድርጌ ሦስቱን ባንድ ላይ ሰፋሁ። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ ግን ያዘ።

ጊፋታ ሊደርስ ሲል የባለቤቴ ወንድም መጡ። አልጋው ላይ የተዘረጋውን አዩ።

«ድሪቶ ሰፋሽልን በይኛ!»

ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ካኪ ዳሰሱት።

«ይሄ የኔ ሱሪ ትራፊ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስገባ አባቴ የሰፋልኝ።»

ካኪውን ደግመው ዳበሱት። ቆይተው፣ «በሬው ያለ እሷም ይገዛል» አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ዞር ብለው፣ «የኔም ልጆች ይበርዳቸዋል እኮ» አሉ።

የዚያን ምሽት ልጆቼ ሳይጓተቱ ተኙ። ጌታን አመሰገንኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ አብልቼ እንደጨረስኩ፣ ለእሳቸው ልጆች የሚሆነውን መቁረጥ ጀመርኩ።