በረመዷን ቀትር የተጠጣ የማንጎ ጭማቂ

ሰሞኑን ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ግንባታ ተጀምሮ አሸዋ ተከምሯል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ውሃ ሲያርከፈክፉበት እርጥብ ሽታው በመስኮት ይገባል። ያን ጊዜ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። ለሌላው ሰው የሚሸተው ዝናብ ነው፤ ለእኔ የሚሸተኝ የእናቴ አልጋ ሥር ነው።

የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ታውቀዋለህ። ከቀትር በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ እየተንጣጣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። እኛ ቤት ማቀዝቀዣ አልነበረም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ የምወጋው ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ በተሞላ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ተቀብሮ እናቴ አልጋ ሥር ይቀመጥ ነበር። ከፊቱ የጫማ ካርቶኖች ይደረደሩበታል። እንግዳ ከመጣ የአልጋው ልብስ እስከ መሬት ይለቀቃል። አሸዋውን የማርሰው እኔ ነበርኩ፤ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ የሰረቅኩትን ዕቃ እንደምደብቅ ሆኜ።

ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው ገና ልጅነቴን ሳልጨርስ ነው። ውሃ ጠጥቼ አልጠግብ ብዬ፣ ከስቼ፣ በመጨረሻም ራሴን ስቼ ሆስፒታል ገባሁ። ስነቃ እናቴ ግንባሬን ሳመችኝና መጀመሪያ የተናገረችው "አልሃምዱሊላህ" ነበር። ቀጥላ ወደ አባቴ ዞራ፣ "ከሰው ጆሮ እንዳይገባ። ሴት ልጅ ናት" አለች። አባቴ ሽንኩርት አምራች ነው፤ ብዙ አይናገርም። ራሱን ነቀነቀ። እኔም ያን ቀን፣ ጉሉኮሱ ክንዴ ላይ እንደተሰካ፣ በሽታዬ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ተማርኩ።

ወደ ክትትል የምንሄደው ማንም እንዳያየን ፀሐይ ሳትበረታ፣ መጋረጃው በተለቀቀ ባጃጅ ነበር። ሻሼን እስከ አፍንጫዬ እጎትተዋለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ተሸፋፍኜ ስገባ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተቀመጡ ሰው አየሁ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፤ በዚያ ሙቀት! ስማቸው ሲጠራ ቀና አሉ። ቁርአን የሚያስቀሩኝ ሼኽ ነበሩ።

ዓይን ለዓይን ተጋጨን። መንገድ ላይ ሕፃን ቢያገኙ እንኳ ሰላምታ የሚያስቀድሙት ሰው፣ ያን ቀን ሰላም አላሉኝም። እኔም ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ። እናቴ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ፣ "አላየሽም" አለችኝ።

በዚያው ዓመት፣ ፆሙ ሊገባ ሲል፣ አንዲት ተመራማሪ ሐኪም ከአዲስ አበባ መጣች። መንገድ ላይ ያለውን የጣርማ በር ተራራ ብርድ ፈርታ የለበሰችውን ሹራብ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ላቧን እየጠረገች ነበር የገባችው። የምታጠናው ስኳር ያለባቸው ሙስሊሞች ረመዷንን እንዴት እንደሚያሳልፉ ነው። ከፆሙ በፊት ትምህርትና ምክር ቢሰጣቸው፣ መድኃኒታቸው ቢስተካከል፣ በወሩ ውስጥ የሚደርስባቸው ጉዳት ይቀንስ እንደሆነ ማየት ትፈልጋለች። ደማችንን እቤታችን እየለካን የምንመጣበት ትንሽ መሣሪያም ሰጠችን።

"ለመፆም ያሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ አልቆጣም" አለች።

አንድ የቀወት ገበሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዶክተር፣ ለታመመ ሰው መፍቀዱንስ እናውቃለን። ግን እኔ መቼ ታመምኩ? ስኳር ነው እንጂ ያለብኝ።"

ሰው ሳቀ። ሼኹ አልሳቁም። ሐኪሟ የእያንዳንዳችንን ሁኔታ ለየብቻ ካየች በኋላ፣ ኢንሱሊን የምንወጋው እኔና ሼኹ ባንፆም እንደሚሻል ነገረችን። ሼኹ "እሺ" አሉ፤ እናቴም በእኔ ፈንታ "እሺ" አለች። ባጃጁ ውስጥ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጓዳ ገብተሽ ትበያለሽ። ማን ያይሻል?" አለችኝ።

ረመዷን ገባ። ቀን ቀን ከተማዋ ፀጥ ትላለች፤ የሚሰማው ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ብቻ ነው። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ማንኪያ ሳህን ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ በጣቴ እበላ ነበር፤ እንዳይሰማ። ቆሎ አልነካም፤ ይንኮሻኮሻላ። ከዚያ አፌን ደጋግሜ ተጉመጥምጬ፣ ከንፈሬን በሻሼ አድርቄ፣ ከእኩዮቼ ጋር ወደ ቁርአን ቤት እሄዳለሁ። ሴት ልጅ ለጥቂት ቀን የማትፆምበት የታወቀ ምክንያት አላት፤ ማንም አይጠይቃትም። ግን ያን ምክንያት ወር ሙሉ ማቅረብ አይቻልም።

ልጆች የፆመኛን ምላስ ያውቃሉ፤ ነጣ፣ ደረቅ ይላል። አንድ ከሰዓት መንገድ ላይ፣ "እስቲ ሁላችንም ምላሳችንን እናሳይ" ተባለ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ከመካከላቸው አንዷ አገጬን ይዛ ሳቅ እያለች አስከፈተችኝና፣ "ያ አላህ! ምላሷ እንደ ሕፃን ቀይ ነው!" አለች። ሌሎቹም ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ልጆች ነን። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ መርፌዬን እናቴ እያየች እንደወትሮው ተወጋሁ። ያቀረበችልኝን ቁርስ ግን ከጓሮ ላሉት ፍየሎች ሰጠሁ። ምሳውንም እንዲሁ። ኩራት ተሰማኝ። እየሄድኩ ምላሴን አውጥቼ በስልክ መስታወት አየሁት።

ቁርአን የምንቀራው በሼኹ ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። መጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ በዚያ ሐሩር ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። የልጆቹ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ እየራቀ ሄደ፤ ፊደሎቹ ተንሳፈፉ። በጎኔ ስወድቅ የምንጣፉ ሰሌን ጉንጬን ሲወጋኝ ይሰማኛል።

ሌሎቹ "ጅን ነው!" እያሉ ተበተኑ። ሼኹ ግን በአንድ እይታ አወቁኝ። ማወቅ የሚችል ሌላ ሰው እዚያ አልነበረም።

"ከጓዳ ጣፋጭ ነገር አምጡ! ያገኛችሁትን!" ሲሉ ሰማሁ።

ልጃቸው ለማፍጠሪያ የተጨመቀውን የማንጎ ጭማቂ ከነጆጉ ይዛ ሮጠች። የልጅቱ ኒካሕ ከኢድ በኋላ ሊታሰር ተቆርጦ ነበርና እጇ ላይ ሂና አለ፤ ያን ሂና አስታውሳለሁ። ሼኹ ቀና አድርገው አስቀመጡኝና ብርጭቆውን ከንፈሬ ላይ አደረጉት። ጥርሴን ገጠምኩ።

"ፆመኛ ነኝ" አልኩ። እኩዮቼ ከአጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ። ልሞት ስል እንኳ የማስበው ስለ እነሱ ነበር።

"ጠጪ ልጄ። ፈቅዶልሻል።"

"እምቢ። ያዩኛል።"

ሼኹ ወደ ልጆቹ ተመለከቱ። በአጥሩ በኩል ጎረቤቶችም መጥተው ነበር። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እሳቸውም ይፆሙ ኖሯል። ከዚያ "ቢስሚላህ" ብለው ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው አፍ አዞሩና ግማሽ ድረስ ጠጡት። ማንጎው ጢማቸው ላይ ቀረ።

"እኔም እንዳንቺው ስኳር አለብኝ" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "በይ፣ አሁን አንቺ ጨርሽው።"

ጠጣሁ። ዓለም ቀስ በቀስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ይሆን ነበር። አላበቃም። ኢድ ከማለፉ በፊት የልጅቱ እጮኛ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው፣ "ስኳር በዘር ይሄዳል ይባላል" ብለው ኒካሑን አፈረሱ። የሼኹ ሚስት እኛ ቤት መጣች። ቁጭ በይ ስትባል እምቢ አለች። በሩ ላይ ቆማ እናቴን፣ "እኔስ ስንት ዘመን ሸሽጌው ነበር! ያንቺን ሴት ልጅ ለማዳን የእኔ ትቅር?" አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ አልጋው ሥር፣ ማሰሮው አጠገብ ተኝቼ እሰማለሁ። ለምን እዚያ እንደገባሁ አላውቅም።

ተመራማሪዋ ሐኪም ወሬውን ሰምታ መጣች። የሼኹን ልጅ ደም ለካች፤ ጤነኛ ናት። እጮኛዋ ቤት ድረስ ሄዳ፣ በዘር የሚያጋልጥ ነገር ቢኖርም ልጅቱ ትታመማለች ማለት እንዳልሆነ፣ ቀድሞ በመጠንቀቅም መከላከል እንደሚቻል አስረዳች። በአክብሮት ሰምተው ሸኟት፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። ከዚያ እኛ ቤት መጥታ ወለሉን እያየች፣ "ስለ ስኳራችሁ ሁሉንም ጠየቅኳችሁ። ከማን እንደምትደበቁ ግን ልጠይቃችሁ አልመጣልኝም" አለች። የተማረ ሰው ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው። ለቀጣዩ ረመዷን ስትመለስ በሽተኞችን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቦቻቸውንም ጠርታ አስተማረች። ሼኹም ከፊት ተቀምጠው፣ ያለ ጋቢ፣ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር።

ልጃቸው ኋላ ባቲ አካባቢ ተዳረች። አሳዛኝ ሕይወት አልኖረችም፤ ግን መጀመሪያ የወደደችው ያን ልጅ ነበር። እኔ በእነሱ በር ላለማለፍ በሽንኩርቱ ማሳ በኩል ዞሬ ስሄድ ዓመታት አለፉ። አሁን እንኳ፣ ሰው በሞላበት ምግብ ቤት ስሆን መርፌዬን የምወጋው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው።

ኮሌጅ ገብቼ ለአረፋ በዓል አገር ቤት በመጣሁበት ዓመት፣ የሼኹ ሚስት ከበራቸው ላይ ጠራችኝ። "ነይ እስቲ ግቢ" አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ውስጥ ሼኹ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ፤ ያዩታል እንጂ አያነቡትም።

"መስመሮቹ ተደበላለቁብኝ" አሉ። "እሷም ማንበብ አታውቅ።"

መርፌውን ተቀበልኳቸው። ልኩን ነገሩኝ፤ ሳብኩ፤ አረፋውን በጣቴ መትቼ አወጣሁ። ቀሚሳቸውን ትንሽ ገልጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ከሚያስፈልገው በላይ ላለማየት ዓይኔን ሰበርኩ። ቆዳቸው ስስና ሙቅ ነበር።

ስጨርስ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "ዓይኔ መድከሙን ለሰው እንዳትነግሪ፣ ልጄ" አሉኝ።

"አልናገርም፣ ሼኽዬ።"

ያን በዓል በሙሉ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ወጋኋቸው። የሚቀጥለው ረመዷን ሳይገባ ሞቱ። ቃሌንም ጠብቄ ነበር፤ ከእናቴ ጭምር።

የመጀመሪያውን ቀን ነው ይበልጥ የማስበው። መርፌውን ከድኜ እንዳስቀመጥኩ ሚስታቸው ውሃ ይዛ ገባች። ከመካከላችን ስለ ጭማቂው፣ ስለ ልጅቱ፣ ስለ ዓይናቸው ያነሳ አልነበረም። ውሃውን ሰጠችኝና አጠገቤ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ድረስ ቀርባ ተቀመጠች። ሦስታችንም ዘንድሮ ሙቀቱ እንዴት እንደባሰ ስናወራ ቆየን።