አባባ የዘጉት የጋራዥ በር

ይህ የደረሰብን ባለፈው ጥር ነው። የጋራዥ በር ሲንቀሳቀስ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ባለቤቴ ዮናስ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንድ ቀን ሳያማክረኝ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ስኖውሞቢል፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር፣ ገዝቶ መጣ። የምንኖረው ካስትሮ ቫሊ ነው። እኛ ሰፈር በረዶ የሚገኘው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው።

"ዊክኤንድ ተራራ ወጥተን ራይድ እናደርገዋለን" አለኝ። ሳቅሁ። መኪናዬ ከጋራዥ ተባርራ ውጭ ማደር ስትጀምር ግን ሳቁ ቀረ።

ከሥራ ሲመለስ እሱኑ ሲፈታታ ያመሻል። ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ወንበሩን አዲስ ቆዳ አለበሰ፣ ዝገቱን ፍቆ እንደ ድሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ ቀባው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

በዚያ ሰሞን አባቱ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። አባባ ደግ ሰው ናቸው፤ ጠባቸው ከብርድ ጋር ብቻ ነው። መኪና ውስጥ መስኮት አያስከፍቱም። ዮናስ የጋራዡን በር ከፍቶ ሲሠራ ባዩት ቁጥር "ላብህ ሳይደርቅ ብርድ ይመታሃል" ይሉታል። እሱም "እሺ አባባ" ይልና ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፕሌዘንተን ካለው ሥራዬ ስመለስ የጋራዡ በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ግን ሞተር ይንጣጣል። ጎረቤት ረበሸ ብዬ እየተናደድኩ በዋናው በር ገባሁ። አባባ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ።

"ዮናስስ?" አልኳቸው።

"ሞተሩ ተነሣለት። ጆሮውን ደፍኖ፣ ከኋላው ተጋድሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ባየው ብርድ እንዳይመታው በሩን ዘጋሁለት" አሉኝ ደስ ብሏቸው።

"መቼ ነው የዘጉት?"

"ቆየሁ እኮ።"

ቦርሳዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ከኩሽና ወደ ጋራዥ የሚያስገባውን በር ስከፍተው ጭስ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ትንፋሼን ይዤ የትልቁን በር መክፈቻ ተጫንኩ። ያ በር እንደዚያ ቀን ተጎትቶብኝ አያውቅም።

ዮናስ ከሞተሩ ኋላ በጀርባው ተዘርግቷል። ጠራሁት፤ ዝም። ሞተሩ በየት እንደሚጠፋ አላውቅ! ትቼው ብብቱን ይዤ ጎተትኩ። ቦርጩ ሁልጊዜ መቀለጃዬ ነበር፤ ያን ቀን አለቀስኩበት። አባባ ከኋላ ደርሰው እግሩን ያዙልኝና ሣሩ ላይ አወጣነው።

ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደወልኩ። "ይተነፍሳል?" ይለኛል ስልኩን ያነሣው ሰውዬ። ጆሮዬን አፉ ላይ ባደርግ ሞተሩ እየጮኸ ምንም አልሰማ አለኝ። እጄን ደረቱ ላይ ጫንኩ። ምንም። ሞተ ብዬ ቆረጥኩ። ከዚያ ደረቱ በቀስታ ከፍ አለ። አባባ ባዶ እግራቸውን ቆመው "ልጄን፣ ልጄን" ይላሉ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሲሰጠው ቆይቶ ነቃ። ሐኪሟ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ..." ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

አባባ አልጋው አጠገብ ቆመው "ምን ነካህ ልጄ?" አሉት። ዮናስ ጭንብሉን ከአፉ ከፍ አድርጎ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየ።

"ብርድ መትቶኝ ነው አባባ" አላቸው።

ተቃጠልኩ። እውነቱን ካላወቁ ነገም ይዘጉታላ! እሳቸውን ወደ ቤት ስወስድ መኪና ውስጥ አላስቻለኝም። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብርድ አይደለም። በሩ ስለተዘጋ የሞተሩ ጭስ ነው" አልኳቸው።



"አውቄዋለሁ" አሉኝ። "በሩ ሲከፈት ጭሱ ሲወጣ አይቻለሁ። ልገድለው የነበርኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ብርድ ነው ካለኝ ብርድ ነው። እንዳወቅሁ አትንገሪው ልጄ፤ ይከፋዋል።"

አባባ አገራቸው ገብተዋል። ያ ሞተር አሁን የሚነሣው ደጅ ነው። ዮናስም አባቱ ምንም እንደማያውቁ ያስባል። ያኔ ሁለቱም አናደውኝ ነበር፤ ዛሬ ንዴቱ የለም። አባባ በደወሉ ቁጥር "ብርዱ ለቀቀህ?" ይሉታል።

"ለቀቀኝ አባባ" ይላቸዋል፤ እኔ ኩሽና ገብቼ አለቅሳለሁ።