ቀድሞኝ የሚደርሰው አልጋ

የወጣሁት ሦስት ቤት ለማየት ነበር። የተመለስኩት አንዱን ቤት ሦስት ጊዜ ያየሁ እስኪመስለኝ ድረስ ግራ ተጋብቼ ነው። የሆነውን እንደሆነው በየሰዓቱ አስቀምጬዋለሁ፤ ትንሽ ያጋነንኩበት ቦታ ካለ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከተወረሱት መካከል ሦስት አሮጌ የመኳንንት ቤቶች፣ አንዱ ነፋስ ስልክ፣ አንዱ ላፍቶ፣ አንዱ ለቡ ያሉ፣ የቀድሞው ሥርዓት ኑሮ ማሳያ ሙዚየም ይሁኑ ተብለው ለእኛ መሥሪያ ቤት ተሰጥተዋል። እኔ የቤቶቹ ጥገና ተቆጣጣሪ ነኝ። ማዕረጉ ሲነበብ ያስፈራል፤ በእጄ ያለው ግን አንድ ሜትር፣ አንድ መዶሻና እጀታው የተበጠሰ ቦርሳ ነው።

በዋዜማው አለቃዬ አስጠሩኝና መዝገብ ሰጡኝ። «ጓድ መላኩ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ተመልከት። ዕቃው እንደ መዝገቡ የተሟላበት ቤት ሙዚየም ሆኖ ይቀጥላል። የጎደለበት ተዘግቶ ለእህል ማከማቻ ይሰጣል።»

«የሦስቱም ከጎደለስ?»

«ሦስቱም ይሰጣሉ።»

«የሦስቱም ከተሟላስ?»

አለቃዬ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እሱን አላሰብንበትም» አሉ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አብዮት አደባባይ

የከተማውን አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም ተሳፈርኩ። እንኳን ሰው የሰው ሐሳብ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። አንድ እግሬን አደባባዩ ላይ አንስቼ መልሼ ያሳረፍኩት ጎተራ ስንደርስ ነው። እስከዚያ በማን እግር ቆሜ እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ስልክ

የነፋስ ስልኩ ቤት ጠባቂ ጋሽ ከድር ናቸው። ሱቃቸው እስኪዘጋ ድረስ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ ስለሆኑ የሙዚየም ዕቃ ሲያሳዩ የሚሸጡት ነው የሚመስሉት። ገና በር ላይ እጄን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ጎተቱኝ።

«ይህን አልጋ እይልኝ! ዳሰው! እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይመጣል?»

«ጋሽ ከድር፣ አልገዛም እኮ።»

«ዳሰው ግድ የለህም። መዳሰስ በነጻ ነው።»

ዳሰስኩት። ባለ አራት ምሰሶ፣ ሰፊ፣ አንድ ቤተሰብ ከነእንግዳው የሚያሳድር የጽድ አልጋ ነው። በራስጌው በኩል ግራ እግሩ ተሰንጥቆ በሰርዲን ቆርቆሮ ተጠግኗል፤ ቆርቆሮው ላይ የተሳለችው ዓሣ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። አጠገቡ የአንበሳ መዳፍ እግር ያለው ወንበር አለ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቆመ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። አልጋው ላይ «የጨቋኞች መኝታ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት፤ አንድም የጎደለ የለም።

የጎደለው ግድግዳው ላይ ነው። ጋሽ ከድር በደግነት ብዛት የመንገዱን ዳር ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስነውታል። የጭቃ ቤት ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲያለብሱት በካፖርት ላይ ካፖርት እንደደረበ ሰው ያልበዋል። በጥፍሬ ጫር ባደርገው ልስኑ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ጭቃው ረጥቧል፣ ማገሩም መበስበስ ጀምሯል።

«ይህ ይነሳና ሦስት ሳምንት በቦካ ጭቃና ጭድ ይለሰን» አልኩ።

«ሲሚንቶ ለማግኘት ስንት ሰው እግር ላይ እንደወደቅኩ ታውቃለህ?»

«አሁን ለማንሳት ደግሞ የማንም እግር ላይ መውደቅ አያስፈልግዎትም።»

ልወጣ ስል ሻይ አሉኝ። አንዱን ስጨርስ ሁለተኛው መጣ፤ ሁለተኛውን ስጨርስ ስለ አንድ የሰማንያ ብር ሱፍ የሚያወሩት ታሪክ ገና መሃሉ ላይ ነበር። በጓሮ በኩል ጋሪ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ምንድን ነው?»

«ጥራጊ የሚወስድ ነው። አንተ ሻይህን ጠጣ።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ላፍቶ

ከነፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ በማሳ መካከል በእግር ነው የሚኬደው። የጥቅምት ፀሐይ የክረምቱን ጭቃ ገና አላደረቀችውም። ጥቁሩ አፈር ጫማዬ ላይ እየተደራረበ ስደርስ ቁመቴ አንድ ክንድ ጨምሮ ነበር።

የላፍቶው ቤት ጠባቂ ማቴዎስ ይባላል፤ ከወላይታ የመጣ፣ ከእኔ በብዙ የሚያንስ አናጺ ነው። ጴንጤ ነው። በዚያ ጊዜ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ እሱ ግን መዋሸት ስለማይችል ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቤቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘው። ምስጥ የበላውን ወለል ጣውላ በጣውላ ለውጦታል፤ የተቀደደውን የአቡጀዲ ኮርኒስ ደግሞ መርፌው የት እንደገባ እስኪጠፋ ድረስ ሰፍቶታል። እያመሰገንኩት መኝታ ቤት ገባሁና ምስጋናዬን አቋረጥኩ።

ባለ አራት ምሰሶ አልጋ። ግራ የራስጌ እግሩ በሰርዲን ቆርቆሮ የተጠገነ። ዓሣዋ አየችኝ። አወቀችኝ ብል ማጋነን አይደለም።

በመኳንንቱ ዘመን የአገሩ አልጋ ሁሉ በሰርዲን ነበር እንዴ የሚጠገነው? ወይስ ከነፋስ ስልክ ገና አልወጣሁም? በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ የጤፍ ማሳ ነው። ዞር ስል የአንበሳው መዳፍ፣ ግድግዳው ላይም ያው ሰዓት። ልዩነቱ ይኼኛው ይሠራል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ማቴዎስ፣ ይህ አልጋ የቆየ ነው?»

«በጣም የቆየ ነው ጋሼ።»

«እዚህ የቆየ ነው?»

ማቴዎስ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ። «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

ውሃ አመጣልኝ፤ ጠጣሁ፤ ግን ጥያቄዬ አልወረደም። መዝገቡ ላይ «የተሟላ» ብዬ ጽፌ ከጎኑ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ፀሐይ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከመንገዱ ዳር ካለች ምግብ ቤት ሽሮ በልቼ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ ጤነኛ መሆኔን ለማረጋገጥ የልጆቼን ስም በየተራ ጠራሁ። አልተሳሳትኩም።

ሰባት ሰዓት፣ የለቡ መንገድ

ወንዙ ጋ ስደርስ አንድ ጋሪ እስከ ጎማው አጋማሽ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ አገኘሁ። አራት ሰዎች ይገፋሉ። ጋሪው ላይ በነጭ አቡጀዲ የተሸፈነ ረጅም ነገር ተጋድሟል። ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው «አሜን» አለ።

«ማን ናቸው?»

«አሮጌ ናቸው» አለኝ ሌላው፣ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዙሮ።

በዚህ ቅጽበት ከአቡጀዲው ሥር አንድ ሰዓት ደወለ። ስድስት ጊዜ። እኔም ሰውዬው ከነሰዓታቸው ሊቀበሩ ነው፣ የሰው ኑዛዜ አይነቱ ብዙ ነው ብዬ፣ ሐዘንተኛን በጥያቄ ማስቸገር ነውር ስለሆነ፣ ደረቴን ሁለቴ መታ መታ አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ።

ስምንት ሰዓት፣ ለቡ

የለቡው ቤት ከሦስቱ ትልቁ ነው፤ ዙሪያውን በረንዳ ያለው፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ። ለእህል ማከማቻ አጥብቀው የሚፈልጉትም እሱን ነው። ጠባቂዋ እትዬ ጫልቱ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። እናታቸው የቤቱ ወጥ ቤት ነበሩ፤ እሳቸው በጓሮው ማድ ቤት ተወልደው እስከ ዛሬ እዚያው ይኖራሉ።

«መጣህ?» አሉኝ ደንግጠው። «ቀደምክ እኮ!»

«ማንን?»

«ቁጭ በል፣ እርጎ ላምጣልህ።»

እርጎ መጣ። ቆሎ መጣ። ሁለተኛ እርጎ ሊመጣ ሲል ተነስቼ መኝታ ቤቱን ከፈትኩ። ባዶ ነው። አልጋ የለም፣ ወንበር የለም። ግድግዳው ላይ ሰዓት የሚያህል ክብ ቦታ ብቻ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል።

መዝገቡን ገለጥኩ። እንደታዘዝኩት ያየሁትን ከጻፍኩ ይህ ቤት ነገ ይዘጋል።

«እትዬ ጫልቱ፣ ዕቃው የት ሄደ?»

«ሊጠይቅ ወጥቷል።»

«ማንን?»

«ጎረቤት ነዋ። ይመጣል።»

እንግዲህ ማንኛችን እንዳበድን ለመለየት እየሞከርኩ ሳለ፣ ከታች ከመንገዱ ሰዓት ሲደውል ሰማሁ። ሰባት ጊዜ። በረንዳው ላይ ወጣሁ። የወንዙ «ቀብር» ኮረብታውን እየወጣ ነው። አሁን ግን ለእርዳታ የደረሱ ሁለት ሰዎች ተጨምረዋል፦ ከፊት ማቴዎስ የፈረሱን ልጓም ይዞ ይስባል፤ ከኋላ ጋሽ ከድር ሽርጣቸውን ሰብስበው ይገፋሉ። አቡጀዲው ተገልጦ የሰርዲኗ ዓሣ ከሩቅ ታየችኝ።

ጋሽ ከድር ሲያዩኝ ቆሙ። «በጭቃው ነው» አሉ፤ «ጭቃው ነው ያዋረደን።»

ማቴዎስ ጭንቀቱ በዛበት መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው ሁሉንም አፈሰሰው። የነፋስ ስልክና የላፍቶ ዕቃ በውርሱ ሰሞን በሦስት ቀን ውስጥ የት እንደገባ ጠፍቷል። የለቡውን ግን እትዬ ጫልቱ ጎተራ ውስጥ ጭድ ከምረውበት አተረፉት። ሦስቱ ጠባቂዎች የአንድ እድር አባላት ናቸው። ዕቃ የጎደለበት ቤት ይዘጋል የሚለው ደብዳቤ ሲደርስ በእድር ደንብ ተማከሩ።

«ድንኳኑ በየቤቱ ይዞራል» አሉ ጋሽ ከድር። «ድስቱ ይዞራል። አልጋ ቢዞር ምን አለበት?»

«ሰዓቱስ?»

«ሠላሳ ዓመት ቆሞ ነበር» አለ ማቴዎስ። «ጋሪው ሲያንገጫግጨው ተነሳ። እኛ አልነካነውም ጋሼ።»

ወደ እትዬ ጫልቱ ዞርኩ። «ዕቃው የእርስዎ ቤት ዕቃ ነው። ጋሪው ባይደርስ ኖሮ የሚዘጋው ይኼኛው ነበር። እንዴት ሰጡ?»

«ለምነውኝ ነዋ። አንተ ብትሆን እምቢ ትላለህ?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እህል ከገባበት አይጥ ይገባል። ማድ ቤቱንም ያፈርሱታል። ከዚያ ወዲያ የት እንደምሄድ... እሱን አልደረስኩበትም።»

ዕቃውን አስገቡ። መኝታ ቤቱ ወለል ላይ አራት ጎድጓዳ ቦታዎች እንዳሉ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ የስንት ዓመት ክብደት ጣውላውን አሰርጉዶታል። አልጋውን ስናወርደው አራቱ እግሮች በአራቱ ጉድጓዶች ውስጥ ቁጭ አሉ። አንድ ጊዜ እንኳን አልተንገዳገደም። ነፋስ ስልክና ላፍቶ እንዲህ ያለ ምልክት አለማየቴ ትዝ አለኝ፤ ያየሁት ዓሣዋን ብቻ ነበር።

በአንበሳው ወንበር ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ገለጥኩ።

«ሦስቱም የተሟላ ነው በል!» አሉ ጋሽ ከድር። «በዓይንህ አይተህ የለም? ውሸት የለበትም!»

«ጋሼ፣ እውነቱን ይጻፉ» አለ ማቴዎስ። «ግን ሙሉውን ይጻፉ።»

እትዬ ጫልቱ ግን የአልጋውን ጭቃ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የታየው አንድ ሙዚየም ነው። ሦስት ቤቶች አሉት። ዕቃው የለቡው ነው፤ ወለሉ ይመሰክራል። ጥበቃው የሦስቱም ነው፤ አንዱን መዝጋት ሦስቱን መዝጋት ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል።»

አሥር ሰዓት ተኩል፣ መሥሪያ ቤት

በጅማ መንገድ በወረደ የጭነት መኪና ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያና በሁለት በጎች መካከል፣ ተመለስኩ። አለቃዬ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ሦስተኛ ጊዜ አነበቡት።

«ጓድ መላኩ፣ ይህ ሪፖርት ነው ወይስ ቀልድ?»

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።»

አንዴ የሳቁ መሰለኝ፣ ግን ሳልም ሊሆን ይችላል። «አንድ ሙዚየም ከሆነ አንዱን ክፍል ብቻ እህል ማድረግ አይቻልም። ይቀጥል» አሉ። በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «በሚመጣው ወር እንግዶች አሉ። በሦስት መኪና ተከፍለው ሦስቱንም ክፍል በአንድ ጊዜ ያያሉ። በየክፍሉ አልጋ ይኑር። ጋሪ እንዳላይ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

ለነፋስ ስልክ ጋሽ ከድር የራሳቸውን አልጋ እንደሚሰጡ አውቄያለሁ፤ ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለመስጠትም ወደኋላ የማይሉ ሰው ናቸው። የቀረው ላፍቶ ነው። ይህን እያሰብኩ ገባሁና ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ እታለማሁ እግሬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ የማየው ምን እንደሆነ አየች።

«ዓይንህን ከአልጋዬ ላይ አንሳ!»

አልጋው አባቷ ለሠርጓ የሠሩት ነው። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ማቴዎስ መጣ፤ ሊወስድ ሳይሆን ይቅርታ ሊጠይቅ። አልጋውን ሲያይ ግን የመጣበትን ረሳ። ተንበርክኮ መጋጠሚያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። «አንድ ምስማር የለውም» አለ ለራሱ። «እንዲህ የሚገጥም እጅ ዛሬ የለም።» እታለማሁ ፊቷን አዞረች። ቆይታ «ውሰደው» አለችው፤ «ግን እንዳይረጥብ።»

እንግዶቹ መጥተው አይተው ሄዱ። በማግሥቱ እሷ ላፍቶ ወረደችና «የጨቋኞች መኝታ» የሚለውን ወረቀት አነበበች። ጩኸቷ ለቡ ድረስ ተሰምቷል። «አባቴ አናጺ ነበር! ማንን ነው የጨቆነው?» ወረቀቱ ዛሬ እንዲህ ይላል፦ «አልጋ። አናጺ ገብሬ ለልጃቸው የሠሩት። ምስማር የለውም።» ከሦስቱ ቤት ጽሑፎች መካከል ምንም ያልተጋነነበት እሱ ብቻ ነው፤ የእኔ እጅ ስላልገባበት።

የዚያ ቀን መንገድ ያስተማረኝ ነገር ካለ መዝገብ ቤትን እንደማይጠብቅ ነው። ቤት የሚጠብቀው ወለሉ ላይ ያለው ጉድጓድ የምን እግር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። የቀረው ሁሉ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ይህን የምጽፈው ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ነው። ዛሬ እሁድ ስለሆነ እታለማሁ የለችም፤ ላፍቶ ወርዳለች፣ አልጋዋን ልትጠይቅ።