የማይጮኸው መቻል

ደብረ ኤልያስ አጠገብ ባለ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የክትባት ሣጥን አሸክሞ ውሻ እንድከትብ ላከኝ። የመጀመሪያው ውሻ ገና ሲጮኽብኝ የድንጋይ አጥር ላይ ወጣሁ። እንድወርድ ባለቤቱ ብዙ ለመነኝ። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ስቆ ስቆ፣ «የሚጮኸውንማ ማንም ይፈራዋል። አንተ ድንገት ዝም ያለውን ፍራ» አለኝ። የእብደት በሽታ የውሻን ጉሮሮ እንደሚያሽመደምድ ያን ጊዜ አስረዳኝ። እኔ ሁለቱንም መፍራት መረጥኩ።

ጡረታ ልወጣ ስል አቶ ይኄይስ የሚባሉ ገበሬ ደወሉልኝ። ውሻቸው መቻል ካመጡት ጀምሮ ጮኾ አያውቅም። ጎረቤት አብዷል ብሎ በዱላ ሊገድለው ተነሥቷል፤ እሳቸውም በመርፌ እንዳሳርፈው ፈለጉ።

እንዲህ ባለ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። እኔም መጀመሪያ የምወጣበት አጥር መርጬ፣ በረጅም እንጨት የውሃ ጣባ ገፋሁለት። ሙልጭ አድርጎ ላሰው። ለሐጩ አይዝረበረብም፤ መንጋጋውም አልወደቀም። ለጥንቃቄ ታስሮ እንዲሰነብት አደረግሁ፤ እየተመላለስኩም አየሁት። ደህና ነው።

«ዶክተር» አሉኝ አቶ ይኄይስ፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ሲሉኝ አላርምም። «ደህና ከሆነማ ባሰ። የማይጮኽ ውሻ ከምቀልብ እኔው በር ላይ ቁጭ ብዬ ብጮኽ አይሻልም?»

በተፈጥሮው ድምፁን የሚቆጥብ ውሻ አለ፤ ጉሮሮው የተጎዳም አለ፤ ጮኾ አበሳውን አይቶ የተወም አለ። ከየት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው። ከወንዙ ማዶ፣ ከቅኔ ተማሪ ቤት። መርፌው ለጊዜው እንዲቆይ ለምኛቸው፣ መቻልን አስከትለን ሄድን።

ቀትር ነበር። ተማሪዎቹ ወይራው ሥር ደበሎና ጋቢ ተከናንበው እዚህም እዚያም ተጋድመዋል። ቅኔ እየቆጠሩ ነው፤ እያንዳንዱ ዝም ብሎ በልቡ ያበጃል። መቻል በመካከላቸው እንደ ጉም አለፈና ከአንዱ እግር ሥር ተኛ።

እኔም ጋደም አልኩ። ደመናው ወይራውን አዝሎ ወደ አባይ የሚወርድ መሰለኝ። ሣሩም አብሮ ሄደ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ክብደቴ ሁሉ ጠፋ። እንዲህ ሆኜ ሳለ ትልቅ ጓል ሆዴ ላይ አረፈ። ዓይኔን ስገልጥ ከአንድ ደበሎ ሥር የወጣ እጅ ተመልሶ ሲገባ አየሁ። ለካ አንኮራፍቻለሁ።

መቻል ቀና ብሎ እንደ ታላቅ ወንድም አየኝ።

መምህራቸው የኔታ ከጎጆአቸው ደጅ ሆነው ይስቃሉ። «እሱም ቡችላ ሳለ ሲጮኽ ጓል ነበር የሚደርሰው፤ ዝም ሲል ቁራሽ። ከዚህ ሌላ ምን ይማር?»

አቶ ይኄይስ የመቻልን ራስ እያሻሹ፣ «ታዲያ ሌባ ቢመጣ ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

«ይነሣል» አሉ የኔታ። «እርስዎ እሱን ማየት ይልመዱ።»

መርፌዬ ከሣጥኑ ሳይወጣ ተመለስኩ። አቶ ይኄይስ ሌላ ጯሂ ቡችላ ጨመሩ። ቡችላው ለነፋስም ይጮኻል። እሳቸው ዱላ የሚያነሡት ግን መቻል ሲነሣ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ውሻ ዝም ካለባችሁ መጀመሪያ በሽታ ጠርጥሩ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ጤነኛ ከሆነ ያደገበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። እዚያ ግን አትተኙ።